የወንዝ ዳሩ ብርጭቆ አጀማመር

በጡብ መንደሩ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም። ትንሽ ትልቁ ድንቢጥ ነው የሚላት። ወንድሟ ብቻ፣ እሱም ደሙ ሲፈላ፣ በስሟ ይጠራታል። ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ስትወለድ አነሰች፣ ስታድግም እምብዛም አልጨመረች። ልጅ ሳለች ጡብ በጀርባዋ አዝላ ከመተኮሻው ወደ መኪና መንገዱ ስትወጣ ከኋላ ያያት ሰው ጡቦቹ እግር አውጥተው የሚሄዱ ይመስለው ነበር። እሷም አንድ ቀን ጀርባዋን እያሻሸች፣ «እኔ ጡብ ሥር ሆኜ አልሞትም» አለችና ከተማ ገባች።

ከተማ የተቀጠረችው ጠርሙስ ፋብሪካ ነው። ከእሳት የወጣ ጠርሙስ ድንገት ብርድ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ረጅም የጋለ ዋሻ ውስጥ ይገባና ቀስ እያለ እየበረደ በሌላው ጫፍ ይወጣል። የድንቢጥ ሥራ እዚያ ጫፍ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ጠርሙስ ወደ መብራት እያነሳች የተሰነጠቀውን መለየት ነበር። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ተኝታ ዐይኗን ስትከድን እንኳ ጠርሙስ ይሰለፍባት ነበር።

ባሏን ያገኘችው እዚያው ነው። ፋብሪካው አብዛኛውን ጠርሙስ በማሽን ቢሠራም፣ ማሽኑ የማይችለውን ሆደ ሰፊውን ጠርሙስ ሰው በአፉ ይነፋው ነበር። ነፊው የረጅም የብረት ቧንቧን ጫፍ የቀለጠው መስታወት ውስጥ ይነክርና እንደ ማር ጠቅልሎ ያወጣዋል፤ በሌላው ጫፍ ሲነፋበት የቀለጠው ነገር እንደ ፊኛ ያብጣል። ከነፊዎቹ ሁሉ ትንፋሽ የማያልቅበት አንድ ሰው ነበረና ወናፍ አሉት፤ የአንጥረኛ ወናፍ ማለታቸው ነው። ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ሲስቅ ግድግዳው የሚሰማው ሰው ነበር።

«ድንቢጥ፣ እኔ እኮ እፍ ብልሽ ጣሪያ ላይ ነው የምትገኚው» አላት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት።

«እፍ በለኛ፤ እንየው» አለችው።

እፍ አላለም። ዓመት ሳይሞላ ግን ተጋቡ። «ጣሪያው ላይ ሊያወጣኝ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ገባሁለት» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም ስለዚህ ነገር ብዙ አያወሩም፤ እሱ ትንፋሹን፣ እሷ ዐይኗን ለፋብሪካው እየሰጡ ዓመቱ በዓመት ላይ ተደራረበ።

ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። መጀመሪያ የዘይቱ ጠርሙስ ቀረ፣ ቀጥሎ የለስላሳው፣ በመጨረሻ የመድኃኒቱም። አንድ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሲደርስ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ጠበቀው። ወናፍ እንደ ሌሎቹ የግቢውን ጠባቂ ለምኖ ገባና የሚነፋበትን ቧንቧ ብቻ ይዞ ወጣ። ሌላው ሰው ወንበር ተሸክሞ ሲወጣ እሱ ያንን ብረት በትከሻው አድርጎ በከተማው መሐል ሄደ።

ሥራ ፈለገ። አንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ገባ፤ ግን ሳል ጀምሮት ነበርና ባለመጋዘኑ ሰንብቶ ጠራው። «አባቴ፣ አትቀየመኝ፤ ሌባ አንተን ከሁለት መንገድ ማዶ እየሰማህ እንዴት ነው የምትጠብቅልኝ?» አለው። ወናፍ ነገሩን ለሚስቱ ሲነግራት እየሳቀ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደግሞ አልቆም አለ። ድንቢጥ ውኃ ይዛ አጠገቡ ቆማ፣ የዚያ ደረት ግድግዳ ሲርገበገብ አየች።

ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያቸው። «የአሸዋ ብናኝ ነው። ለዓመታት ገብቶ ተቀምጧል። የሚወጣ ነገር አይደለም። ከዚህ በኋላ እሳትና አቧራ አጠገብ እንዳትደርስ» አለው። ወናፍ አንገቱን ነቀነቀ። ቤት ሲደርሱ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። በማግሥቱም እንደዚያው። ሰው ሲመጣ አይዞርም፣ ምግብ ሲቀርብለት «ትንሽ ቆይቼ» ይላል፣ ቆይቶም አይበላም። ድንቢጥ ለምናም፣ ተቆጥታም፣ አልቅሳም ሞከረችው። ምንም።

አንድ ቀን ራሱ ዞረ። «እናንተ መንደር ያለው አሸዋ ነጭ ነው አላልሽኝም ነበር?» አላት።

ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባት፤ መስታወት የሚሠራው ከአሸዋ ነው። «ነጭም ሆነ ጥቁር ለአንተ አይሆንም» አለችው።

«ወንድምሽ መተኮሻ አለው። እንጨት አለው። ብርጭቆ መሥራት እንችላለን፤ ገጠር ያለ ሰው ብርጭቆ ከከተማ ነው የሚያስመጣው፣ መንገድ ላይ ግማሹ ያልቃል።»

«ሐኪሙ ያለውን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። እሳት አጠገብ ከሆንኩ እሞታለሁ ነው ያለው። እዚህ ምን እያደረግኩ ነው የሚመስልሽ?»

በኋላ ዘመኗን ሁሉ ይህቺን ሰዓት እያነሳች ራሷን ትጠይቅ ነበር፤ እምቢ ብል ኖሮ ይኖር ነበር? ወይስ ግድግዳውን እያየ ያልቅ ነበር? የዚያን ቀን ግን ያየችው የዞረ ፊቱን ብቻ ነው። ዕቃቸውን ጠቀለለች፤ ወደ ጡብ መንደሩ ተመለሱ።

ወንድሟ ጡብ ሠሪ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚረዝም። ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነው የሚጀምረው። የመጡበትን ሲነግሩት ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ መታው።

«ጡብ ቤት ይሆናል። ብርጭቆ ምን ይሆናል? ተሰብሮ የሰው እግር ይወጋል!»

«ጋሼ፣ አሮጌውን ትንሹን መተኮሻ ብቻ ነው የምንፈልገው» አለችው።

«እሱን ነገር ዶሮ እንኳን አትተኛበትም።»

«እንግዲያው አይቆጭህም።»

አጉረመረመ፣ ተራገመ፣ ለአማቹ እጁን ሰጠው፣ ሲስል ሰማውና ፊቱ ተለወጠ። እህቱን ዞር ብሎ አያት። እሷ ዐይኗን መሬት ላይ ጣለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሳይጨምር የመተኮሻውን በር ጠራርጎ ከፈተላቸው። የወንድሟ ሚስት ደግሞ ከጭቃ መቅረጫው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቀችላቸው፤ ከንፈሯን ነክሳም ቢሆን ፍራሽ አነጠፈችላቸው።

በመጀመሪያ አሸዋ አቀለጡ፤ ማለት ሊያቀልጡ ሞከሩ። ወናፍ ነጩን አሸዋ ከወንዙ አስመጥቶ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በሸክላ ማሰሮ ሞልቶ እሳት ላይ አስቀመጠው። ድንቢጥ እሳቱን የሚያፋፍመውን የእጅ ማራገቢያ ዘወረች፣ የወንድሟ ፍልጥ አለቀ፣ ማሰሮው ነጭ ሆኖ እስኪታይ ጋለ። ሲከፍቱት አሸዋው እንደ ያረረ ስኳር ተጣብቆ ተቀምጧል። ደገሙት። ያው ነው። ወናፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ከአሸዋው ጋር የሚጨምሩት ነገር ነበር» አለ። «በጆንያ ይመጣ ነበር። ከኋላ በኩል ነው የሚጨምሩት። ዕድሜዬን ሙሉ እቶኑ ፊት ቆሜ ከኋላ ምን እንደሚገባበት አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅኩም።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ የነበረውን ኀፍረት ድንቢጥ ልትሸከመው አልቻለችም። ተነሥታ ጆንያ አነሳች። «አሸዋው ይቅር። የቀለጠውን መልሰን እናቀልጠዋለን» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንያ ተሸክማ የአካባቢውን መጠጥ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን ቆሻሻ መጣያ መዞር ሆነ ሥራዋ። ከጡብ ሽሽት ከተማ የገባችው ሴት እንደገና ጀርባዋ ላይ ሸክም አወጣች። ሰው ያያታል። «ድንቢጥ፣ ከከተማ ይዘሽው የመጣሽው ሙያ ይኸው ነው?» ይሏታል። «እናንተ ጠጥታችሁ ስበሩ፤ ቀሪውን ለእኔ ተዉት» ትላቸዋለች። ከንፈሯ ይስቃል፤ ጣቶቿ ግን በስብርባሪ ተቆራርጠው ማታ ዳቦ መቁረስ ያቅታት ነበር።

የጠርሙሱ ስብርባሪ ቀለጠ። ግን ማሰሮው አልቻለም፤ እየተሰነጠቀ የቀለጠው ነገር እሳቱ ውስጥ ፈሰሰ። ሦስት ማሰሮ እንዲህ ሄደ። አራተኛውን የሠራው ወንድሟ ነው። ማንም ሳይጠይቀው የተሰበረ ጡብ ወቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ ከነጭ ሸክላ ጋር አቦክቶ፣ ጥላ ውስጥ አድርቆ አመጣውና መሬት ላይ አስቀመጠላቸው። «እሳት ያየ አፈር እሳት አይፈራም። በሉ እንግዲህ፤ ይሄም ከተሰበረ በእኔ ራስ ላይ አቅልጡት» ብሎ ሄደ።

አልተሰበረም።

ወናፍ በዚያ ቀን ቧንቧውን አነሳ። ማሰሮው ውስጥ ነከረ፣ ጠቅልሎ አወጣ፣ ነፋ። በቧንቧው ጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ የሚያበራ፣ ክብ ነገር ሲያብጥ የጡብ ሠራተኞቹ ሁሉ ጭቃቸውን ጥለው መጡ። ከአንድ በኋላ አንድ፣ አፋቸው የተጣመመም ቢሆን፣ ብርጭቆ የሚባሉ ነገሮች ሠራ። እየሳለ፣ እየሳቀ፣ ላብ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ። ድንቢጥ በጋለ አመድ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ቀበረቻቸው፤ ቀስ ብለው እንዲበርዱ ነው። ባሏ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ስንት ዘመኑ። የዚያን ዕለት፣ እሺ ብላ መምጣቷ ደግ ነበር ብላ አመነች።

ጠዋት አመዱን ስትገልጥ አንድም ደኅና የለም። ሁሉም ተሰነጣጥቀዋል። አንዱን በእጇ ይዛ ሳለች እንኳ ጥርቅ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ስብርባሪ በብርሃን ማየት ነበረባት። የመስኮት መስታወት፣ የመድኃኒት ጠርሙስና የቢራ ጠርሙስ አንድ ላይ አቅልጠዋል፤ እኩል አይበርዱም፣ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ቁጭ ብላ ለየች፤ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ነጩን ከነጭ፣ የመስኮቱን ለብቻ። ይህን ካደረገች በኋላ መሰንጠቁ ቀነሰ። ግን መስታወቱ ጥራት አልነበረውም፤ ሆዱ ሁሉ አረፋ ነው፣ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ ይመስላል። ወናፍ ደግሞ መጠበቅ አልፈለገም። ትንፋሹ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ እንደሆነ ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ነው።

«ይሸጥ» አለ። «አረፋውን ጌጥ ነው በያቸው።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሻይ ለሚያፈላ ሰው ብርጭቆዎቹን ወሰደችለት። ሻይ ሻጩ አንዱን እያገላበጠ አየው፣ «ጠማማ ነው፤ ግን ደንደን ያለ ነው» አለ፣ የፈላ ሻይ ቀዳበት። ብርጭቆው በእጁ ላይ ፈነዳ። ሰውየው ጮኸ። እጁ ወዲያው ቀላ፣ አበጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ተሰበሰበ። «ሰው ልትገድይ ነው እንዴ! ቆሻሻ ለቅመሽ አምጥተሽ!» እያለ የሌላው ሰው ጩኸት የእሱን አልፎ ሄደ። ድንቢጥ መሐረቧን ፈትታ እጁን ለመጠቅለል ስትጠጋ ገፈተራት። የቀሩትን ብርጭቆዎች አንድ ወጣት በእግሩ አስፋልቱ ላይ በተናቸው። እሷ ተንበርክካ ስብርባሪውን ለቀመች። ሌላ ምን ታድርግ? መንገድ ላይ እንዳለ መተው አትችልም፤ ደግሞም ያስፈልጋታል። ሰው እያያት፣ እንባዋ እየወረደ፣ እያንዳንዷን ስባሪ አነሳች።

የወሬ እግሩ ረጅም ነው፤ ከእሷ በፊት መንደር ደርሶ ጠበቃት። በላዩ ላይ ዝናቡ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ወርዶ የእነሱን የጋለ እቶን ጀርባ ሰነጠቀው። የወንድሟ ጡብ ደግሞ በእንጨት እጥረት ሳይተኮስ ቀርቶ በዝናብ ጭቃ ሆነ። ወንድሟ የሟሸሸውን ጡብ በእጁ ጨብጦ፣ በጣቶቹ መሐል ሲፈስ እያየ መጣ።

«ይኸውልሽ የልፋቴ ዋጋ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍልጥ ከእኔ እንዳትነኩ። አንዲት! አማቼ ታሟል ብዬ ቻልኩ፣ እህቴ ናት ብዬ ቻልኩ። ቤቴን ልታፈርሱት ነው።»

የወንድሟ ሚስትም ከዚያ ወዲህ ምግባቸውን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጣ መሄድ ጀመረች።

ድንቢጥ እንጨት ከወንዙ ማዶ ለቅማ ተሸክማ መጣች። እቶኑን በጭቃ መረገች። ሲደርቅ አንድ ጊዜ ይሞከር ተባለና እሳት ተለኮሰ። ወናፍ ቧንቧውን ነክሮ አወጣ፣ አፉ ላይ አደረገ፣ ጉንጩ ተነፋ። በቧንቧው ጫፍ የተንጠለጠለው የቀለጠ መስታወት ግን አላበጠም። እንደገና ሞከረ። ዐይኑ ፈጠጠ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። የቀለጠው ነገር እንደ ምራቅ እየረዘመ ወደ መሬት ወረደ። ዘወር ብሎ ሚስቱን አያት። በዚያ ፊት ላይ የነበረውን ነገር እሷ ለማንም ገልጻ አታውቅም። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ቧንቧው ከመውደቁ በፊት ያዘችው፣ መያዝ በማይገባት በኩል። የመዳፏ ቆዳ ብረቱ ላይ ቀረ።

«ልቀቂው!» አላት በተቆራረጠ ድምፅ።

አልለቀቀችውም። በሌላ እጇ ደግፋ አፏ ላይ አደረገችውና ነፋች። ምንም አልሆነም። እንደገና ነፋች። ጆሮዋ ጭው አለ፣ መሬቱ ዞረባት፣ በጫፉ ላይ የሎሚ ፍሬ የምታህል ጎባጣ ነገር ወጣች። ወናፍ መሬት ላይ ተቀምጦ አያት። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያለቅስ መሰላት። እየሳቀ ነበር።

«ከጉንጭሽ አይደለም የሚነፋው» አላት። «ሻማ አይደለም የምታጠፊው። ከእምብርትሽ አምጪው።»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መዳፉን ጀርባዋ ላይ አድርጎ፣ «አሁን፣ ቀስ፣ አቁሚ፣ አዙሪ፣ አታቋርጪ ማዞሩን» ይላታል። እሷ በተጠቀለለ እጇ ትሠራለች። የሚሠራው ሁሉ ጠማማ ነው፣ አረፋ ነው፣ ብዙው ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ይቆጣታል። «አሁን ምን ያስቸኩልሻል?» ይላታል፤ እሱ ራሱ የሚያስቸኩለውን ሁለቱም እያወቁ። ትንፋሹ ሲያጥር መዳፉ ጀርባዋ ላይ ይከብዳታል፤ ዞር ብላ አታየውም፤ ካየችው መንፋት አትችልም።

ማሰሮው እስከ አፉ በነጭ ስብርባሪ በተሞላበት ጠዋት ወናፍ ከአልጋው መነሣት አቃተው። ድንቢጥ እሳቱን ትታ ትራስ በትራስ ላይ አድርጋ አስደገፈችው። ጋደም ሲል ይታፈናል፤ ሲቀመጥ ራሱን አይችልም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ እሱን ደረቷ ላይ ደግፋ ያዘችው፤ ያቺ ድንቢጥ ያንን ሰውዬ። እግሯ ደነዘዘ። አልተንቀሳቀሰችም።

«እሳቱ?» አላት።

«አለ» አለችው። አይታው አልነበረም።

«እንዳይጠፋ።»

«አይጠፋም፤ አንተ ብቻ ተንፍስ።»

ቀኑ ሄደ፣ ሌላ ቀን መጣ፣ እሱም ሄደ። የወንድሟ ሚስት ሾርባ ይዛ ገባች፤ ደጃፍ ላይ አላስቀመጠችውም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ለድንቢጥ በማንኪያ አጎረሰቻት፣ እጇ ባሏን ስለያዘ። ከውጭ የጡብ ሠራተኞቹ ጭቃ ሲረግጡ፣ ሲጯጯሁ ይሰማል። ፀሐይዋ ከላይ በሆነችበት ሰዓት ወናፍ አንድ ትንፋሽ ወሰደና ሌላውን ሊያመጣው አልቻለም። ድንቢጥ ጠበቀች። ጀርባው ደረቷ ላይ እንደተደገፈ ሌላው እስኪመጣ ብዙ ጠበቀች። የወንድሟ ሚስት ናት ክንዷን ከላዩ ላይ ያላቀቀችው።

ቀብሩ አለፈ፤ ሰው ተበተነ። ድንቢጥ አላለቀሰችም፤ ሰው ይህን እያየ ይፈራላት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ተነሥታ የወንድሟን መዶሻ አነሳችና ወደ እቶኑ ሄደች። ልታፈርሰው ነው። ያንን አፍ ድጋሚ ማየት አልፈለገችም። በሩ በጡብና በጭቃ ተደፍኖ አገኘችው፤ ማን እንደደፈነው አልጠየቀችም፤ መታችው። ጡቡ ተናደ። ውስጡ ገና ለብ ያለ ነበር። ማሰሮውን መታችው። ሸክላው ተሰነጠቀ፣ ተላጠ፣ ወደቀ፤ መዶሻዋን ለሌላ ምት አንሥታ ሳለች እጇ አየር ላይ ቀረ።

ማሰሮው ውስጥ የነበረው መስታወት እንዳለ ቆሟል። አረፋ የለውም። ስንጥቅ የለውም። በበሩ የገባው ብርሃን በመሐሉ አልፎ ከበስተጀርባ ያለውን የጡብ መጋጠሚያ አንድ በአንድ ያሳያል። ፋብሪካ ውስጥ በዚያ ሁሉ ዘመን ወደ መብራት ካነሳችው ጠርሙስ እንዲህ የጠራ አላየችም።

ወንድሟ በስሟ እየጠራት እየሮጠ መጣ። «ምን እያደረግሽ ነው! ተዪ! ተዪ አልኩሽ!»

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው ያነደደው?»

ያ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ሰው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አዟዟረው።

«እንዳይጠፋ ሲልሽ በመስኮት ሰማሁት» አላት። «አንቺ መውጣት አትችይም ነበር። የጡብ ማድረቂያ ዳሱን ምሰሶዎች ቆርጬ አነደድኩት። ሌላ ደረቅ እንጨት አልነበረኝም። እስኪ… እስኪያልፍ ድረስ አነደድኩ። ከዚያ ደፈንኩት። ምን ላድርግ፣ ውኃ ላፈስበት አልቻልኩም።»

መዶሻው ከእጇ ወደቀ። እቶኑ አፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የጡብ ሠራተኞቹ ድረስ የተሰማ ለቅሶ ነበር። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ መንገዱን ያያል፤ እጁን ራሷ ላይ ሊያደርግ ይዘረጋና ይመልሰዋል፤ በመጨረሻ አደረገው።

ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነበር። እነሱ መስታወቱ እንደቀለጠ ነበር ለመንፋት የሚጣደፉት፤ አረፋው ወጥቶ እንዲያልቅ ረጅም እሳት፣ እንዳይሰነጠቅም ረጅም መብረድ ያስፈልገው ነበር። ያጡት ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ወናፍ ያልነበረው ነገር ነው።

እንደገና ለመጀመር ወራት ወሰደባት። ወንድሟ ማሰሮ ሠራ፣ እየተራገመ። የወንድሟ ሚስት ማራገቢያውን ዘወረች። ድንቢጥ ነፋች፤ ጀርባዋ ላይ መዳፍ የለም፤ በየመሐሉ ባዶነቱ ይሰማትና ማዞሩን ታቋርጣለች፣ ሥራው ይበላሻል፣ መልሳ ትነክራለች። ትንፋሿ ለትልቅ ጠርሙስ አይበቃም። ለብርጭቆ ግን በቃ።

የመጀመሪያዎቹን ሻይ ሻጩ ጋ ይዛ ሄደች። ገና ከሩቅ ሲያያት እጁን ብብቱ ውስጥ ሸሸገ።

«እናቴ፣ እኔ ሌላ እጅ የለኝም» አላት።

«የአንተን አልፈልግም» አለችው። ብርጭቆውን ጠባሳ በሆነው መዳፏ ላይ አስቀመጠችና ዘረጋችለት። «ቅዳ።»

«ይፈነዳል።»

«ቅዳ አልኩህ።»

የፈላውን ሻይ ቀዳ። ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ሸሸ። ብርጭቆው አልፈነዳም። መዳፏ ግን ይቃጠል ነበር፤ አላወረደችውም። ሻይ ሻጩ በእንፋሎቱ ውስጥ አያት፤ ከእጇ ተቀበላት፣ ጠጣው። «ወፍራም ነው። እነዚህ ሾፌሮች እንኳ ሊሰብሩት አይችሉም» አለ። ያመጣችውን ሁሉ ያዘ። ወደ መንደር ስትመለስ ጭነት መኪና ላይ ከሲሚንቶ ጆንያዎች መሐል ተቀምጣ ነበር፤ ደስታውን የምትነግረው ሰው ቤት ውስጥ እንደሌለ መሐል መንገድ ላይ ትዝ አላትና አፏን በነጠላዋ ይዛ እስክትደርስ አለቀሰች።

ዛሬ በዚያ ወንዝ ዳር ሁለት እቶን አለ። አራት ሴቶች ይነፋሉ፤ ወንድ ነፊ የለም፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ ድንቢጥ «ወንድ ትንፋሹን አይቆጥብም» ብላ ታልፈዋለች። አሸዋ ግቢው እንዲገባ አትፈቅድም፤ ስብርባሪውም ሳይረጥብ አይወቀጥም፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ያልሸፈነ ሰው አጠገቡ አይደርስም። ሴቶቹ አንዳንዴ በሙቀቱ ተማርረው ጨርቁን ዝቅ ሲያደርጉ ካየች የምትናገረውን አታውቅም። አንዷን፣ ጎበዟን፣ ስላሳለች ብቻ ወደ ቤቷ ልካት ታውቃለች። ልጅቱ ጉንፋን ነው ብላ ማለች። ድንቢጥ ግን አልሰማ አለች፤ ልጅቱ እያለቀሰች ሄደች፤ ሰንብታ ተመልሳ ብትመጣም እስከ አሁን በደንብ አይነጋገሩም።

ወንድሟ ሸምግሏል። እንጨቱን አሁንም የሚያቀርበው እሱ ነው፤ አሁንም በየቀኑ በፍልጥ ይጣላሉ። አንዳንድ ቀን ድንቢጥ እሳቱ ፊት ቆማ ቧንቧውን እንደያዘች ሳትነክረው ትዘገያለች። ሴቶቹ ያዩዋትና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ወንድሟ ግን ከበሩ ላይ፣ «እንጨቱ እኮ እየነደደ ነው!» ይላታል፤ እሷም፣ «ይንደድ» ትለዋለች።